እንሶስላና የክረምት ጥፍር

ዛሬ ደብረ ታቦር ገበያ እንሶስላ የሚሸጡ እናት ሥሩን እየጠራረጉ፣ «ልጄ፣ ጭቃ ለበላው እግር ይኼ ነው መድኃኒቱ» አሉኝ።

ክረምታችንን ታውቁታላችሁ። የጉና ብርድ፣ ጭቃ፣ ቀኑን ሙሉ የማይወልቅ ኮንጎ ጫማ። እርጥብ እግር ለፈንገስ ይመቻል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ይወፍራል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ጫፉ ይፈረፈራል።

እንሶስላ ወቅጦ፣ እግር ላይ አስሮ ማደሩን እኔም እወደዋለሁ። ግን ቀለሙ የታመመውን ጥፍር ይሸፍናል! ከመሞቃችሁ በፊት ጥፍራችሁን እዩት። የተበላሸ የእግር ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃልና፣ ጤና ጣቢያ ቶሎ መሄድ ያዋጣል።

ስትቆርጡም ቀጥ አድርጋችሁ ነው፤ ጥጉን መቦርቦር ጥፍሩ ሥጋ ውስጥ እንዲያድግ ያደርጋል።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ቤት አንድ ጥፍር መቁረጫ ለስንት ሰው ነው?