ሀ

ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት ዕረፍት ስሜን፣ ቀያችን የገባሁ ጊዜ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ጂኦሎጂ ቀምሻለሁዋ! አንድ ቀን ከአባቴ ጋር የጠፋች በቅሎ ፍለጋ ወደ ቧሂት ወጣን። አረፍ ብለን ቆሎ ስንቆረጥም፣ «አባ፣ ይህን ሁሉ ሸለቆ የቀረጸው በረዶ ነው» አልሁት።

ሳቀብኝ። «በረዶ ገብስ ሲመታ እንጂ ተራራ ሲያርስ አላየሁም።»

አስረዳሁት። ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ባበቃው የበረዶ ዘመን፣ እዚህ ከፍታ ላይ የወረደው አመዳይ ሳይቀልጥ ሌላ ይደረብበት ነበር። ሲከመር በገዛ ክብደቱ ተጠቅጥቆ ግግር ሆነ፤ ግግሩም ቀስ እያለ ቁልቁል ተንሸራተተ። በሆዱ የያዛቸው ድንጋዮች አለቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ሲረጋ ደግሞ ቋጥኙን ፈነቀለው። ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ ከታች ይሾላል፤ ግግር ያለፈበት ግን ወለሉ ሰፊ፣ ግራ ቀኙ ቀጥ ያለ ነው፤ ልክ እንደ «ሀ»። ሲቀልጥም የተሸከመውን ድንጋይና አፈር እዚያው ከምሮ ይሄዳል፤ ክምሩ ሞሬን ይባላል።

«እሺ፣ ያ ትልቁ ገደልስ?»

ተንተባተብሁ። እሱ የዝናብና የወንዝ ሥራ ነው። የስሜን ግግሮች ትናንሽ ስለ ነበሩ የነኩት እንደ ቧሂትና ራስ ዳሸን ያሉትን ጫፍ ጫፎች ብቻ ነው። «ይህን ሁሉ» ማለቴ ጉራ ነበር።

አባቴ ግን አልተሳለቀም። «ስንት ዘመን ፈጀበት?» አለ።

«ብዙ ሺህ ዓመት።»

ቁልቁል ማሳችንን አየ። ቦረቦሩ ገብሱን ለሁለት ከፍሎታል። «የኔን አፈር ለመውሰድ ሦስት ክረምት በቃ» አለ።

መልስ አጣሁ። ስመለስ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳገላብጥ፣ ሐንስ ሁርኒ የተባለ የስዊስ ተመራማሪ አገኘሁ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስሜን ኖሮ የጥንቱን ግግር ዱካ አጥንቷል፤ የአፈሩን መሸርሸርም ያጠናው ያው ሰው ነው። እኔ አንዱን ብቻ ይዤ ነበር ጉራ የነዛሁት፤ አባቴ አንድም ገጽ ሳያነብ ሁለቱን አገናኛቸው።

አንባቢዬ፣ ዘንድሮ ስገባ ስለ በረዶ አላወራም። አካፋ ይዤ ከአባቴ ጋር እርከን እሠራለሁ። ቦረቦሩ ይቁም አይቁም እንጃ።