53 ወይስ 51?

አፖክሮማቲክ (ቀለማትን አንድ ቦታ የሚሰበስብ) ቴሌስኮፕ ልግዛ የሚል ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «ኤፍፒኤል-53 ነው ወይስ ኤፍፒኤል-51?» የሚል ነው። ሁለቱም የጃፓኑ ኦሃራ ኩባንያ የሚያመርታቸው የሌንስ መስታወት ዓይነቶች ናቸው። የሚለያዩት በአቤ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሌንሱ ብርሃንን ወደ ቀለማት መበተኑ ይቀንሳል። የ51 ወደ 81.5 ነው፣ የ53 ደግሞ 95 ገደማ፤ ከፍሎራይት ክሪስታል ብዙም አይርቅም። (የቁጥሩ ባለቤት ኤርንስት አቤ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ዬና ለማይክሮስኮፕ ሌንሶቹ የተጠቀመው ያንኑ ፍሎራይት ነበር።)

ታዲያ ዝም ብሎ ውዱን መግዛት ነው? አይመስለኝም። ሌንሱ ብቻውን አይሠራም። አብሮት የሚገጠመው ሁለተኛ ሌንስ ካልተስማማው ወይም ገጹ በጥንቃቄ ካልተወለወለ «53» የሚለው ጽሑፍ የቱቦ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ሻጭማ «ኢዲ» (ቀለም የማይበትን) ብሎ ጽፎ የመስታወቱን ዓይነት እንኳ አይናገርም!

ጨረቃንና ጁፒተርን በዓይኑ ለሚያይ ሰው፣ በደንብ የተሠራ ኤፍ/7 (የትኩረት ርቀቱ የሌንሱ ስፋት ሰባት እጥፍ የሆነ) የ51 ባለሁለት ሌንስ ቴሌስኮፕ ይበቃዋል፤ ቢበዛ በደማቅ ኮከብ ዙሪያ ሐምራዊ ጭላንጭል ያያል። ካሜራ ግን ምሕረት የለውም፤ ዓይን ችላ የሚለውን ሰማያዊ ብርሃን ሁሉ ይለቅመዋል። ለፎቶ ከሆነ የ53 ባለሦስት ሌንስ ዋጋው ይገባዋል።

ብቻ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ስለ 53 ሳይሆን ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ሌንስና ስለ ፍተሻ ውጤቱ ጠይቁ።