የዴራዋ ሚክሰር

ቤቱ አሮጌ ዕቃ ያለ ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄ አለው። ‹‹ዕድሜው ስንት ይሆን?›› እና ‹‹ስንት ያወጣል?›› ችግሩ ሁለቱን እንደ አንድ ጥያቄ መቁጠራችን ነው። ያረጀ ሁሉ ውድ ይመስለናል። ሰው ላይ ስንደርስ ግን ሒሳቡን እንገለብጠዋለን፤ ጡረታ የወጣን ሰው ‹‹ስንት ያወጣል?›› ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይኼ የኛ አመል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ‹‹በድሮ ሲንገር የስፌት መኪና ውስጥ ሬድ ሜርኩሪ አለ›› የሚል ወሬ ተነሥቶ፣ ስንት ዘመን ጨርቅ ሲወጋ የኖረ መኪና በአሥር ሺዎች ሪያል ይቸበቸብ ጀመር። ሜርኩሪው አልተገኘም። ስፌት መኪና ውስጥ ከዘይትና ከክር ብናኝ በቀር ምን ሊገኝ! ወሬ ግን ቀይ ባሕርን ለመሻገር ቪዛ አይጠየቅም። እኛም ስለ ድሮ ሬዲዮው፣ ስለ ድሮ ሳንቲሙ ተመሳሳይ ተረት ስንሰማ ኖረናል። ተረቱን የሚያወሩት ደላሎች ናቸው፤ የሚጣሉት ግን ወንድማማቾች።

ባለፈው ዓመት ዴራ የሚያስተምር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ የድሮ ነገር ይወዳሉ፤ ይምጡና ሰው ያስታርቁልኝ›› አለ። የድሮ ነገር መውደድንና ሽምግልናን ምን እንዳገናኛቸው የገባኝ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ከአዳማ ወደ አሰላ የሄዳችሁ ዴራን አታጧትም። አዋሽ መልካሳን አልፋችሁ፣ ኢተያ ከመድረሳችሁ በፊት ያለችው ሞቃት ከተማ ናት። ከፊት ለፊት የአርሲ ደጋ ስንዴና ገብሱን ይዞ ይጠብቃል፤ ዴራ ግን ከስምጥ ሸለቆው ሙቀትና አቧራ ገና አልተላቀቀችም። ይህን አቧራ አስታውሱልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉ አንድ አባት በደርግ ዘመን ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ለወጣቶቹ ልንገራችሁ፤ ያኔ ሙዚቃ ቤት ማለት ካሴት መሸጫ ብቻ አልነበረም። ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ‹‹ነገ ና›› ትባላላችሁ፤ በነገው ምርጫችሁ ተቀድቶ ይጠብቃችኋል። ሠርግ ሲኖር ደግሞ ባለሙዚቃ ቤቱ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሞንታርቦውን ድንኳን ውስጥ ይተክላል። (ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ኩባንያ ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኛ ጋ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሞንታርቦ ነው።) ሰዓት እላፊ ስላለ ሠርገኛው እስኪነጋ አይወጣም። ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጨፍረው እንግዲህ ያ ሰው ነው።

አባት ከተዉዋቸው ዕቃዎች አንዷ ሚክሰር ነበረች። ከሁለትና ከሦስት ቦታ የሚመጣን ድምፅ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረገች የምታዋሕድ ሳጥን፤ ዲጄዎች አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላውን የሚያስገቡባት። አንድ ደላላ አያትና፣ ‹‹ይቺ የጃንሆይ ዘመን ናት፤ ቤተ መንግሥት ሳትጫወት አልቀረችም፤ ፈረንጅ ሚሊዮን ይከፍልባታል›› ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ታላቅየው ልጅ ‹‹እሷ ሳትሸጥ ውርስ የሚባል ነገር እንዳይነሣ›› አለ። እህቱ ደግሞ ‹‹ለቆራሌው በኪሎ ትሸጥና የእማዬ ጣሪያ ይታደስበት›› አለች። በዓል እንኳን መጠያየቅ ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል። እናት መሐል ላይ ናቸው። ጣሪያውም ያፈሳል።

እርግጥ ደላላው ያወራው ሁሉ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ለአሮጌ ሚክሰር ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ሩዲ ቦዛክ የተባለው አሜሪካዊ የድምፅ መሣሪያ ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ሲኤምኤ 10-2 ዲኤል የሚባል ሚክሰር የዚያን ዘመን የኒው ዮርክ ጭፈራ ቤቶች ንጉሥ ነበር፤ ዛሬም በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። በ1980ዎቹ የተከተለው ኡሬይ 1620ም ፈላጊው ብዙ ነው። ነገር ግን እነዚህ የተወደዱት በማርጀታቸው አይደለም። ጥራታቸው ጥሩ፣ ቁጥራቸው ጥቂት፣ የት የት እንደተጫወቱ የታወቀ በመሆኑ ነው። በዚያው ዘመን ከፋብሪካ እንደ ሳሙና የወጡት ሌሎች ሚክሰሮች እኩል አርጅተዋል፤ የብዙዎቹ ዋጋ ግን የጥገና ወጪያቸውን አይሸፍንም።

ስለዚህ ‹‹ዕድሜዋን በመጀመሪያ እንወቅ›› አልኩ። አንድ ጥሩ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ ከአዳማ አስመጣን።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ጊዜ ስለ ብራና መጻሕፍት ዕድሜ ከተማሪዎቼ ጋር ብዙ እንከራከር ነበር። ብራናው ላይ ዓመተ ምሕረት ተጽፎ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ የየትኛው ንጉሥ፣ የየትኛው ጳጳስ ስም እንደተጠራ ይታያል። እሱም ከሌለ የፊደሉ ቅርጽ ይመረመራል። ስም ብቻውን ደግሞ አይታመንም፤ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን የሚያስገባበት ጊዜ አለና። የሚክሰርም ምርመራ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከፊቷ ጀመርን። የኩባንያው ስም በላብና በጣት ተፍቆ አልቋል። በየቁልፉ ሥር ያለው ጽሑፍ ግን በከፊል ይነበባል፤ ‹‹ፎኖ›› የሚል ለሸክላ ማጫወቻ፣ ‹‹ቴፕ›› የሚል ለካሴት፣ ‹‹ማይክ›› የሚል ለድምፅ ማጉያ። ‹‹ሲዲ›› የሚል የለም። ሲዲ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1982 ስለሆነ፣ ቃሉ የታተመበት ሚክሰር ሁሉ ከዚያ ወዲህ ነው። የሌለበት ግን የግድ ከዚያ በፊት ነው ማለት አይቻልም፤ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ጀርባዋን አዞርን። ‹‹220 ቮልት›› ይላል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች አይደለችም። ባለ አምስት እግር ክብ መሰኪያ አላት፤ የአውሮፓ ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የሚያዘወትሩት ዓይነት። ደላላው ‹‹የጃንሆይ›› ያለው ይህን አይቶ ይሆናል። ነገር ግን መሰኪያው ከዚያም በኋላ ዓመታት ቆይቷል። ተከታታይ ቁጥሯ ደግሞ ግማሹ የለም፤ ቢኖርም የኩባንያው መዝገብ ከሌለ ቁጥር ብቻውን አይናገርም።

ቁርጡ ነገር ያለው ሆድ ውስጥ ነው። ጠጋኙ ብሎኖቹን ሲፈታ የአርባ ዓመት የዴራ አቧራ ወጣ። አቧራውን ጠርገን መነጽሬን አደረግሁ። በየቺፑ ላይ አራት አራት አኃዝ ታትሟል፤ 8109፣ 8114፣ 8120። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የፈረንጅ ዓመት፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ሳምንት ናቸው። 8120 ማለት የ1981 ሃያኛ ሳምንት፣ በእኛ ግንቦት 1973 ማለት ነው። አንድ ብቻ 9206 የሚል ተገኘ፤ እሱ በጥገና ጊዜ የተለወጠ ነው። ዕቃ ከራሱ ክፍሎች ቀድሞ ሊወለድ አይችልም፤ ስለዚህ ከግንቦት 1973 በፊት የለችም። ከክዳኑ ውስጠኛ በኩል ደግሞ አንድ ደግ ጠጋኝ በእስክሪብቶ ‹‹ጥቅምት 76›› ብሎ ጽፏል። በሁለቱ መካከል ተወልዳለች ማለት ነው።

ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ቤተ መንግሥቱ በዚሁ ፈረሰ። ታላቅየው ልጅ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

ስለ ዋጋው ጠጋኙ አልሸፋፈነም። ተንሸራታች ቁልፎቿ በአቧራ ይንጫጫሉ፤ ካፓሲተሮቿ አብጠዋል። ተጠግና፣ ደህና ገዢ ከተገኘ ጥቂት ሺህ ብር ታወጣለች። ለጣሪያው ግማሽ ቆርቆሮ እንኳን አትሆንም። በኪሎ ከተሸጠችማ ለአንድ ምሳ።

ሰውየው ሚስማሩን ሲመታ፣ እኔ ደግሞ የዳዊት መጽሐፍ ትዝ አለኝ። የቆየ ዳዊት የትኛው ገጹ አብዝቶ እንደተደገመ ከጣት ወዝ ይታወቃል። የሚክሰሯንም ፊት እንደገና አየሁት። የ‹‹ፎኖ›› ቁልፎች ጽሑፋቸው እንዳለ ነው። የ‹‹ቴፕ›› ደኅና ተጠቅመውበታል። የ‹‹ማይክ›› መስመር ግን ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ተልጧል። ያቺ የተለወጠችው ቺፕም ለካ የማይኩ ናት። ለሙዚቃ ቤት ይኼ እንግዳ ነገር ነው። እዚህ ሳጥን ላይ ከዘፈን ይልቅ ብዙ የተላለፈው የሰው ድምፅ ነው።

‹‹አዴ፣ ባለቤትዎ በማይክ ይዘፍኑ ነበር እንዴ?›› አልኳቸው።

ሳቁ። ‹‹ኧረ እሱስ ድምፅ አልነበረውም፤ ነፍሱን ይማረውና›› አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። ያኔ ልጆቻቸው ወታደር ቤት የገቡባቸው፣ ዐረብ ሀገር የሄዱባቸው እናቶች ይመጡ ነበር። መጻፍ አይችሉም፤ ማጻፍ ደግሞ ያሳፍራል። ሙዚቃ ቤቱ ሲዘጋ ማይኩን ይዘው ይቀመጡና ለልጃቸው በካሴት ያወራሉ። ላሟ ወለደች፣ ዝናቡ ቀረ፣ ጎረቤት ሞተ፣ አንተ እንዴት ነህ። ‹‹እናትየው ልቅሶ ሲቀድማት ማይኩን ዝቅ፣ ዘፈኑን ከፍ ያደርግባት ነበር›› አሉ አዴ። ‹‹ልጁ እዚያ ሆኖ እንዳይረበሽ። ስትረጋጋ እንደገና ይመልሳታል።››

ያቺ የተላጠች መስመር ያለችው ይህን ነው። ቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

‹‹ካሴቶቹስ?›› አልኩ። ብዙዎቹ ሄደዋል። ሳይወሰዱ የቀሩ፣ አድራሻቸው ጠፍቶ የተመለሱ፣ ቅጂያቸው የቀረ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ አልጋ ሥር ነበሩ። አብሯቸው የማን ካሴት መቼ እንደተቀዳ የተጻፈበት የተማሪ ደብተር አለ። ደላላው ካርቶኑንም አይቶት ነበር። ‹‹ይቺን ጥረጉና ጣሏት›› ብሏቸዋል።

አሁን ስለ ዋጋ እናውራ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ነበር። ደፍሮ ገባበት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ የማያንሱ ሸክላዎች አወጣ፤ በ1975 አገር ጥሎ ወጣ። የማታ ማታ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ‹‹ኢትዮፒክስ›› በሚል ተከታታይ ሥራ እነዚያን ዘፈኖች እንደገና ለዓለም አሰማቸው። አምሃ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፍ የእሱን ሸክላ የሚያሳድድ ሰብሳቢ በየአህጉሩ ነበር። ሙዚቃው ግሩም መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን፣ ሸክላው ላይ የዘፋኙ ስም አለ፣ ተራ ቁጥር አለ፣ ከአንጋፋዎቹም ጠይቆ የጻፈ ሰው ተገኘ። ስምና ቀን ያለው ዕቃ ታሪክ ይሆናል። ስምና ቀን የሌለው ዕቃ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ በኪሎ ነው።

እኛ ግን ስሙን ጥለን ብረቱን እናስቀምጣለን። የአባትን ቴፕ በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ የሚያኖር ልጅ፣ አባቱ በእጁ የጻፈውን ደብተር ምድጃ ይለኩስበታል። ‹‹የድሮ›› የሚለውን ቃል ከመውደዳችን ብዛት፣ ድሮ የነበረውን ሰው ሳንጠይቀው ይሞታል። ያቺ ሚክሰር ያለ አዴ ምስክርነት ምን ነበረች? አቧራ የጠጣች ሳጥን። እሳቸውን ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹‹ይሸጥ? አይሸጥ?›› ይሏቸዋል እንጂ ‹‹ምን ይሠራበት ነበር?›› ያላቸው የለም።

እህትና ወንድም በዚያ ቀን ተቃቀፉ ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ። ግን ሥራ ተገኘላቸው። ደብተሩን የማንበብ ዕውቀት ያላት እሷ ናት፤ ሞተር ብስክሌት ያለው እሱ ነው። የቀድሞ ተማሪዬ ካሴት የሚያጫውት ቴፕ ፈልጎ፣ ጎማውን አስለውጦ፣ ራሱን በአልኮል አጽድቶ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠላቸው። የቆየ ካሴት በየደቂቃው ወደ ኋላ ወደ ፊት አይጠነጠንም፤ በአንድ ማጫወት ነው መገልበጥ ያለበት፤ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላልና። እስካሁን ስድስት ቤተሰብ አግኝተዋል። አንደኛው ቤት በሩን የከፈተላቸው ያ የተላከበት ልጅ ነው፤ ሽበት ወርሶታል። የእናቱን ድምፅ ከሞቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ሰማ። እህትና ወንድሙ እሱ እስኪጨርስ ውጭ ደረጃው ላይ አብረው ተቀምጠው ጠበቁ።

ጣሪያው በዕቁብ ገንዘብ ታድሷል። ሚክሰሯ አልተሸጠችም። ታላቅየው ልጅ ግን ጨርሶ ተስፋ የቆረጠ አይመስለኝም፤ በቀደም ደውሎ፣ ‹‹ጋሼ፣ ያ ቦዛክ ያሉት ሰውዬ ሌላ ስም አልነበረውም?›› ብሎ ጠይቆኛል።

እናንተም ቤት የሆነ ሳጥን አይጠፋም። ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት ክፈቱትና ቁጥሩን እዩ። ‹‹ሬድ ሜርኩሪ›› የሚል ከመጣ በሩን አሳዩት። አብሮት የኖረ ወረቀትና ካሴት ካለ አትጣሉ። ከሁሉ በፊት ግን ዕቃውን ሲጠቀምበት ያየ ሰው በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ የነገራችሁንም በወረቀት ጽፋችሁ፣ ቀን ጨምራችሁ፣ ክዳኑ ውስጥ ለጥፉት። የዚያ ‹‹ጥቅምት 76›› ብሎ የጻፈ ጠጋኝ ስም ባይታወቅም፣ ሁለት ቃሉ ቤተሰብ አትርፏል።