ሁለተኛውን ልጅ ስለ መጠበቅ

የምንኖረው በሐዋሳ ከተማ ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች፥ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። በቤታችን አራት ዓመት የሞላት አንዲት ሴት ልጅ አለችን። በቅርብ ቀን ግን ልጆቻችን ሁለት ይሆናሉ፤ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናትና።

ልጆች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። ታናሻችሁ ሳይወለድ በቤታችሁ ምን ይሠራ እንደ ነበር የምታስታውሱ ግን ጥቂቶች ትሆናላችሁ። ስለዚህ በእኛ ቤት የሚደረገውን እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ልጅ በሚጠበቅበት ጊዜ መሰናዶው ለአንድ ነው። ሁለተኛው በሚጠበቅበት ጊዜ ግን መሰናዶው ለሁለት ነው፤ ለሚመጣውም፥ አስቀድሞ ለመጣውም። እንዲያውም የሚመጣው ብዙ ነገር አይፈልግም። የእናቱ ጡት፥ ንጹሕ ጨርቅና ሙቀት ካገኘ ይበቃዋል፤ ያጣው ነገር ስለሌለ አይከፋውም። ታላቁ ግን እስከ ዛሬ ብቻውን የያዘው ቦታ አለው። አልጋው፥ የእናቱ ጭን፥ በገበታ ላይ የመጀመሪያው ጕርሻ፥ ይህ ሁሉ የእርሱ ነበረ። እኔና ባለቤቴ ሌሊት ቁጭ ብለን ስንመክር ከምናወራው የሚበዛው ስለ ታላቂቱ ነው።

ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ ጋና በምትባለው፥ በዚያን ጊዜ ግን ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው አገር፤ ሲሲሊ ዊሊያምስ የምትባል በጃማይካ የተወለደች ሐኪም ትሠራ ነበር። ብዙ ሕፃናት እግራቸው አብጦ፥ ጠጕራቸው ቀልቶና ሳስቶ፥ ጨዋታም ጠልተው ሲመጡ አየች። የበሽታውን ስም ከአገሩ ሰዎች ብትጠይቅ «ክዋሺዮርኮር» ይባላል አሏት። ትርጓሜውም ታናሹ ሲወለድ ከቦታው የሚለቀውን ሕፃን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ሕፃኑ ጡት ሳይጠግብ ይነጠቅና በበቆሎ ቅንጬ ብቻ ይኖራል፤ ሰውነቱን የሚገነባ ምግብ ስለሚያጣ ይታመማል። ሐኪሟ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ስለ በሽታው፥ በ1935 ደግሞ ከነስሙ ጽፋ ለዓለም ሐኪሞች አስታወቀች። እኔ ግን የሚገርመኝ የእነዚያ እናቶች ማስተዋል ነው። ሐኪም ሳያስተምራቸው የበሽታውን ምክንያት በስሙ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር።

ስለዚህ የዛሬ ሐኪሞች አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ዳግመኛ ሳታረግዝ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንድትቆይ ይመክራሉ። እኛም ቆይተናል። ልጃችን ጡት ጠግባ ከጣለች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ዛሬ ከእኛ ጋር እንጀራ በሽሮ ትበላለች፤ እንቍላልም ካገኘች አትተውም።

ነገሩን ለእርስዋ እንዴት እንንገራት ብለን ብዙ አሰብን። ጎረቤቶች «የምትጫወቺበት ወንድም ይመጣልሻል» ይሏት ነበር። እኔ ይህን ቃል አልወደድሁትም፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን አይጫወትምና። ቀኑን አብዛኛውን ይተኛል፤ ሲነቃ ያለቅሳል፤ አርቆም ማየት አይችልም፤ የሚያየው እናቱ ሲያጠባ የምትቀርበውን ያህል ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኋት። «እንግዲያ ምን ይጠቅማል?» አለችኝ። በእውነት መልስ ቸግሮኝ ነበር። ኋላ ግን ከጤና ጣቢያ የሰማሁትን ነገርኋት። ሕፃን በእናቱ ማኅፀን ሳለ፥ በመጨረሻዎቹ ወራት፥ ድምፅ ይሰማል፤ ከተወለደም በኋላ የለመደውን ድምፅ ይለያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አፏን ወደ እናቷ ሆድ አስጠግታ የዋለችበትን ታወራለታለች። ጮክ ብላ ስለምታወራ ግን የሚሰማት ሕፃኑ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤትም ይሰማታል።

ደግሞ «መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች አስቸገረችን። ሐኪሞች የእርግዝናን ጊዜ በጠቅላላው 280 ቀን ያህል አድርገው ይቈጥሩታል። በእኛ አቈጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለ ሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ይሆናል። በመካከሉ ጳጕሜ ከገባች ግን አምስት ቀን ከእርስዋ ይቈጠራልና ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል። እናንተም በሰሌዳችሁ ላይ ደምራችሁ እዩት። የአራት ዓመት ልጅ ግን 280 ምን ያህል እንደ ሆነ አታውቅም። ስለዚህ 60 ቀን ሲቀር 60 የበቆሎ ፍሬ ቈጥረን በጣሳ አደረግንላት፤ በየማለዳው አንዳንድ ታወጣለች። አንድ ቀን የጎረቤት ዶሮ ጣሳውን ገልብጣ ብዙውን ለቅማ ብትበላው ልጂቱ «እንግዲህ ነገ ይወለዳል!» ብላ እየዘለለች መጣች። እንደ ገና ቈጠርንላት። ደግሞም ሕፃን በተቈጠረለት ቀን መምጣቱ እምብዛም እንዳይደለ፥ ጥቂት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ እንደሚችል አስረዳናት።

ባለቤቴ በልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ ግን ፈቃድ ጠይቃ ትሄዳለች። ቀድሞ ነፍሰ ጡር ሴት አራት ጊዜ ብትታይ ይበቃል ይባል ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ስምንት ጊዜ ይሁን ብሎ መከረ። በዚያ የደሟን ግፊት ይለካሉ፤ ክብደቷን ይመዝናሉ፤ ደም እንዳያንሳት ብረት ያለበት እንክብል ይሰጧታል፤ እርስዋንና ሕፃኑን ከመንጋጋ ቈልፍ የሚጠብቅ መርፌም ይወጓታል። አዋላጂቱ ዓሣ እንድትበላ ነገረቻት፤ ይሁን እንጂ በሐዋሳ ብዙ ሰው እንደሚወደው ጥሬውን በዳጣ ሳይሆን በደንብ አብስላ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ከልጄ ጋር ወደ አሞራ ገደል እንወርዳለን። አሞራ ገደል በሐይቁ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ ነው። አስጋሪዎች መረባቸውን ከጀልባ ሲያወርዱ አባ ኮዳዎች ረዣዥም እግራቸውን አንሥተው እንደ ሽማግሌ እየተራመዱ ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ። አንድ አስጋሪ ልጄን አይቶ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ አነሣና «ይህች ዓሣ ልጆቿን የት እንደምታስቀምጥ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። አላወቀችም። «በአፏ!» አላት። ነገሩ እውነት ነው። የቆሮሶ እናት ዕንቍላሎቿን በአፏ ይዛ ትፈለፍላቸዋለች፤ በዚያም ጊዜ ምግብ እምብዛም አትበላም። ትንንሾቹ ከወጡ በኋላም የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፤ እነርሱም ሁሉ ተሯሩጠው ይገባሉ። ልጄ ዝም ብላ አሰበችና «አባዬ፥ ለሁሉም ይበቃቸዋል?» አለችኝ። ይበቃቸዋል አልኋት። ወደ ቤት እስክንደርስ ሌላ ቃል አልተናገረችም። በዚያ ማታ ግን እናቷን አፍሽን ክፈቺ አለቻት፤ ብርሃን አስጠግታም እስከ ጉሮሮዋ ድረስ መረመረቻት።

አልጋዋን የለየነው ሁለት ወር ሲቀር ነው። እስከዚያ ድረስ በመካከላችን ትተኛ ነበር። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ብንለያት እርሱ ያስወጣት ይመስላት ነበርና አስቀድመን አናጢ አሠርተን በመስኮቱ አጠገብ አደረግንላት። ቦታውን የመረጠች እርስዋ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ሌሊት እየመጣች በመካከላችን ትገባ ነበር፤ እኛም ሳንቈጣ ታቅፈን እንመልሳታለን። አሁን ለምዳዋለች።

ስለ አንድ ነገር ግን ለእርስዋ ያልነገርናት አለ። እርስዋ በተወለደች ሌሊት እናቷ ብዙ ደም ፈሰሳት። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በዓለም ሁሉ እናቶችን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ነው፤ ጊዜም አይሰጥም። ባለቤቴ የተረፈችው በሁለት ከረጢት ደም ነው። ደሙን የሰጡትን ሰዎች አናውቃቸውም፤ እነርሱም አያውቁንም። ካርል ላንድሽታይነር የሚባል የኦስትሪያ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 የሰው ደም ልዩ ልዩ ወገን እንዳለው ከገለጠ ወዲህ፤ የአንዱን ደም ለሌላው በሰላም መስጠት ተችሏል። ነገር ግን ደምን የሚሠራ ፋብሪካ እስከ ዛሬ የለም። ከሰው የተቀዳ ደምም በብርድ ተጠብቆ ከ35 እስከ 42 ቀን ቢቆይ ነው፤ እንደ እህል በጎተራ አይከማችም። ስለዚህ አንዱ ትላንት ካልሰጠ ሌላው ዛሬ አያገኝም። ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላልና እኔም ከዚያ ሌሊት ወዲህ እሄዳለሁ። የምሰጠው ለባለቤቴ ይቀመጥ ብዬ አይደለም፤ ለመጣው በሽተኛ ይሰጣል። ባለፈው ጊዜ ልጄ በክንዴ ላይ ያለውን ፋሻ አይታ «ለማን ሰጠኸው?» አለችኝ። «ለማላውቀው ሰው» አልኋት። «ስሙን ለምን አልጠየቅኸውም?» ብላ ተቈጣችኝ።

የፊተኛው ወሊድ እንዲህ ስለ ነበረ ዘንድሮ ባለቤቴ ደም በሚገኝበት ሆስፒታል እንድትወልድ ታዘዘች። ባጃጅ ያለው ጎረቤታችን በማናቸውም ሰዓት ብንጠራው እንደሚመጣ ቃል ሰጥቶናል። አንድ ቦርሳም ተሰናድቶ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በውስጡም የጤና ጣቢያው ካርድ፥ የታጠበ ጨርቅ፥ ጋቢ፥ ሳሙናና ጥቂት ገንዘብ አለ። ሕጉ በአዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጣታል። ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ገንፎ ማማሰል ለመልመድ እንኳ አይበቃም፤ ስለዚህ የባለቤቴ እናት ከደብረ ማርቆስ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጕዘው መጡልን።

እርሳቸውም የገብስ ዱቄት፥ ተልባና አንድ ቅል ቅቤ ይዘው መጡ። ከቅቤው ጥቂት ለይተው «ይህ ለሕፃኑ ነው፤ እንደ ተወለደ ይውጠው» አሉ። የአገር ልማድ ነውና ማናችንም ልንቃወማቸው አልደፈርንም። በዚያ ሳምንት ግን በየቤቱ እየዞረች የምታስተምረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጣች። ሰምታ አልሳቀችም፤ አልተቈጣችም። «እማማ፥ እርስዎ ላም አርብተዋል፤ ጥጃ እንገሩን ሳይጠባ ቢቀር ይጠነክራል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «እንዴት ብሎ! ይሞታል እንጂ» አሉ። «የሰውም እናት እንገር አላት፤ በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ቢጫው ወተት ነው፤ ሕፃኑን ከበሽታ ይጠብቀዋል። ከዚያም እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም አያስፈልገው» አለቻቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን» አሉ።

ሲዳማዪቱ ጎረቤታችንም ከእንሰት በቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛላቸው መጣች። በሕይወታቸው ቀምሰውት አያውቁም ነበር፤ ኋላ ግን አሠራሩን ሲጠይቋት አመሹ። በወሊዱ ሌሊት እኔ ወደ ሆስፒታል ስሄድ አያቲቱ ከልጃችን ጋር ይቀራሉ፤ ጎረቤታችን ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ትሄዳለች። ይህንም ለልጂቱ ነግረናታል፤ ከእንቅልፏ ስትነቃ ማን አጠገቧ እንደሚሆን ታውቃለች።

ባለፈው እሑድ አያቲቱ ከሣጥን ውስጥ የልጃችንን የሕፃንነት ልብስ አውጥተው አጠቡት። ልጂቱ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ብታየው «የእኔ ነው!» ብላ ሰብስባ ወሰደችው። ማንም አልነጠቃትም። ቈቡን በራሷ ላይ ብታደርገው እንቢ አለ፤ ካልሲው አውራ ጣቷን ብቻ አለበሰ። ከዚያም በአልጋዋ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ትለይ ጀመር። «ይህን ይውሰደው፤ ይህንም ይውሰደው» እያለች ነጩን ሸሚዝ፥ ካልሲውን፥ መታቀፊያውን ሁሉ ወደ ቦርሳው ከተተች። አንዲቱን ቢጫ ቈብ ግን እያነሣች መልሳ አስቀመጠቻት።

ዛሬ ማለዳ በጣሳው ውስጥ 19 ፍሬ ቀርቷል። ቢጫዪቱ ቈብ እስከ አሁን ከትራሷ በታች ናት።