ያልተነበበ ልክ እንዳልተለካ ነው

በቤተሰብ ማዕዘን ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ ቁጠባና ስለ ባልና ሚስት መተሳሰብ ማንበብ የተለመደ ነው። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ላይ ላዩን ሲታይ የመገናኛ ክፍል ባልደረቦችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ይኸውም በእጅ የሚያዙና በአነስተኛ ዋጋ የሚገኙ የራዲዮ መፈተሻ መሣሪያዎች ስክሪናቸው በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ምን ያህል ይነበባል የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ ከቤተሰብ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን በናይሮቢ ከተማ፣ ፓርክላንድስ በሚባለው ሠፈር፣ በአንድ አረጋዊ ዘመዴ ቤት ካየሁት በኋላ በሚገባ ተረድቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ማንኛውም መልእክት የሚያስተላልፍ ራዲዮ አንቴና ያስፈልገዋል። አንቴናው በርዝመቱ ከሚሠራበት ሞገድ ጋር ካልተስማማ፣ ከራዲዮው የወጣው ኃይል በከፊል ወደ መጣበት ይመለሳል። የተመላሹ ኃይል መጠን የሚታወቅበት መለኪያ በባለሙያዎች ዘንድ ኤስ ደብልዩ አር ይባላል። መለኪያው 1 ሲሆን ምንም አይመለስም፤ 2 ሲሆን ከመቶው 11 ያህሉ፣ 3 ሲሆን ደግሞ ሩቡ ይመለሳል። ተመላሹ ኃይል ሲበዛ የራዲዮው የማስተላለፊያ ክፍል ይሞቃል፤ መከላከያ የሌለው ከሆነም ሊቃጠል ይችላል።

ይህን ልክ በሙሉ ዝርዝሩ የሚያሳዩት የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ዋጋቸው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር በመሆኑ፣ ለረጅም ዘመን ከዩኒቨርሲቲዎችና ከትላልቅ ድርጅቶች ደጃፍ አልወጡም ነበር። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ናኖ ቪ ኤን ኤ የሚባል፣ በደረት ኪስ የሚገባ መሣሪያ በዓለም ገበያ ላይ በብዛት ዋለ። የመጀመሪያውን ንድፍ አንድ ጃፓናዊ ባለሙያ ሠርቶ ለሁሉም ክፍት አድርጎት ነበር፤ በቻይና የሚገኙ አምራቾች ደግሞ አባዝተው በዝቅተኛ ዋጋ አቀረቡት። በ2020 እ.ኤ.አ. ታይኒ ኤስ ኤ የሚባል፣ የሞገድን ስፋትና ጥንካሬ የሚያሳይ መሣሪያ በኔዘርላንድሳዊ ባለሙያ ተነድፎ ተከተለው። ሁለቱም በአነስተኛ ሞዴላቸው ከመቶ ዶላር በታች ይገኛሉ። በዚህ ረገድ ለአማተር ራዲዮ ወዳጆች የተደረገው ውለታ ከፍተኛ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ነገር ግን ርካሽ ዋጋ የሚከፈልበት ሌላ ኪስ አለው። ያ ኪስ የተጠቃሚው ዓይን ነው።

ፓርክላንድስ ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ድረስ በቁጥር የተሰየሙ ጎዳናዎች ያሉት፣ የሕንድ ተወላጆች ለብዙ ዘመን የኖሩበት ሠፈር ነው። የጥንቶቹ ባለ ግቢ ቤቶች ቀስ በቀስ ቦታቸውን ለፎቅ ቤቶች እየለቀቁ ነው። ጦጣ የማይታጣበት ሲቲ ፓርክ የተባለው የዛፍ ሥፍራም በዚያው አጠገብ ይገኛል። ዘመዴ የሚኖሩት ከነዚህ ፎቅ ቤቶች በአንዱ ነው። እኚህ ሰው ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ በቀድሞው ጦር ውስጥ በመገናኛ ሙያ ሲያገለግሉ ሻምበል ባሻ የደረሱ፣ በ1983 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ገብተው እዚያው ኑሮ የመሠረቱ ናቸው። ጎረቤቱም ባለቤታቸውም «ባሻ» ብለው ይጠሯቸዋል።

ባሻ በጡረታ ዕድሜያቸው ከኬንያ መንግሥት ፈቃድ አውጥተው የአማተር ራዲዮ ጣቢያ አቋቁመዋል። የኬንያ አማተሮች የጥሪ ስም 5ዜድ4 ብሎ ይጀምራል፤ የእኛው አገር ደግሞ ኢ.ቲ. ብሎ። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ ያለውን ኢ.ቲ.3ኤ.ኤ. የተባለ የክበብ ጣቢያ አንድ ቀን አገኘዋለሁ ብለው በየምሽቱ ያዳምጣሉ። ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ በአየር መስመር 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ7 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ የምሽት መንገድ እንጂ ሩቅ አገር አይደለም። ለሌላው ሰው ይህ የጊዜ ማሳለፊያ ሊመስል ይችላል። ለእርሳቸው ግን ከአገራቸው ጋር የተቋጠረ አንድ ቀጭን ክር ነው።

ለዕረፍት ሄጄ ከእነርሱ ዘንድ ባረፍሁበት ሳምንት ባሻ ተክዘው አገኘኋቸው። በጣሪያው ላይ ለ7.1 ሜጋ ኸርዝ አዲስ የሽቦ አንቴና ዘርግተው ነበር። የዚህ ዓይነቱ አንቴና ርዝመት በግርድፉ የሚገኘው 143ን በሜጋ ኸርዙ ቁጥር በማካፈል ሲሆን፣ ውጤቱ በሜትር 20 ያህል ይመጣል። ሽቦውን እንደ ደንቡ አስረዝመው ሰቀሉና በናኖ ቪ ኤን ኤ ፈተሹት። መሣሪያው አንቴናው የሚስማማው በ6.8 ላይ መሆኑን ያሳያል፤ ባሻ ግን ያነበቡት 6.3 ብለው ነው። እንደ ትክክለኛው ንባብ ከየጎኑ መቆረጥ የነበረበት 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በ6.3 ሒሳብ ግን ከየጎኑ 1 ሜትር ከ28 ሆነ። ጠንቃቃ ሰው በመሆናቸው 28ቱን አስቀርተው 1 ሜትር ቆረጡ። ያም ሆኖ አንቴናው 7.5 አካባቢ ላይ ወጣ፤ በዚያ አካባቢ የአማተሮች የተፈቀደ ሞገድ የሚያበቃው በ7.2 ነው።

የሽቦው ጉዳት ቀላል ነው፤ የተቆረጠ ሽቦ ይበየዳል። ከባዱ ነገር ሌላ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በሽቦና በሞገድ የኖረ ሰው፣ የሙያውን ሀሁ የሳተ መሰለው። «ልጄ፣ እጄ አልከዳኝም፣ ጭንቅላቴ ነው የከዳኝ» አሉኝ። ራዲዮውን ሊሸጡት ገዥ ማፈላለግ ጀምረው ነበር።

ነገሩን የፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። እርሳቸው በአማተርነት ሙያ አልሠለጠኑም፤ ነገር ግን ዘመናቸውን በልብስ ስፌት የኖሩ፣ ክር በመርፌ ማስገባት ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንዳስቸገራቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው። «ባሻ፣ ከመሸጥዎ በፊት ቁራጮቹን መልሰው ይበይዷቸውና አንድ ጊዜ እንደገና ይለኩት፤ ቁጥሩን ግን እኔ ልይልዎ» አሏቸው። ሽቦው ተበይዶ እንደገና ተሰቀለ። ባሻ «ስድስት ነጥብ ሦስት» ሲሉ፣ እርሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው «ስድስት ነጥብ ስምንት» አሉ። እኔ ዳኛ ሆኜ አየሁት፤ ስምንት ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ማስመሪያና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። የመሣሪያው ስክሪን ከጥግ እስከ ጥግ 2.8 ኢንች ሲሆን፣ በወርዱ 320፣ በቁመቱ 240 ነጥቦች ይዟል። አንዱ ነጥብ 0.18 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በመጀመሪያው ፕሮግራም የፊደሉ ቁመት 7 ነጥብ ስለሆነ፣ አንዱ ቁጥር ከአንድ ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል አይበልጥም። በዚህ መጠን 3 እና 8 የሚለያዩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። የወጣት ዓይን በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሆኖ ይህን ያለ ችግር ይለያል። ያው ፊደል በክንድ ርቀት፣ በ70 ሴንቲ ሜትር ሲያዝ ግን ጤናማ ዓይን እንኳ ሊለየው ከሚችለው ወሰን ይጠጋል።

ታዲያ ዕድሜ ሲገፋ በዓይን ላይ ምን ይደርሳል? የዓይን ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ ከአርባ ዓመት በኋላ ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ማየት ያዳግታል፤ ወደ ስልሳ አምስት ሲደርስ ሌንሱ ለቅርብ ዕይታ የመስተካከል ችሎታው ከሞላ ጎደል ያልቃል። የዓይን ብሌንም እየጠበበ፣ ሌንሱም እየደፈረሰ ስለሚሄድ፣ በስልሳ ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን በሃያ ዓመት ወጣት ዓይን ከሚገባው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሌንሱ ቢጫ ቀለም ስለሚይዝም በጥቁር መደብ ላይ የተጻፈ ሰማያዊ ፊደል ከሁሉ ቀድሞ ይደበዝዛል። በዚህ ሁሉ ላይ በምድር ወገብ አጠገብ ያለው የናይሮቢ የቀትር ፀሐይ ሲጨመርበት፣ ጣሪያ ላይ የወጣው ስክሪን ከመስታወትነት አይለይም።

የባሻ መነጽርም የራሱ ድርሻ ነበረው። ጋዜጣ ለማንበብ የታዘዘላቸው ፕላስ 2.5 ሲሆን፣ ሌንሱ ለቅርብ መስተካከል ላቃተው ዓይን ይህ አጥርቶ የሚያሳየው በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ነው። መሣሪያው ግን ከአንቴናው ገመድ ጋር ተያይዞ በክንድ ርቀት ነበር የሚታየው። በ65 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ለሚሠራ ሥራ የሚስማማው ፕላስ 1.5 ገደማ ነው። በመሆኑም የዓይን ሐኪም ዘንድ ስንሄድ መነጽር ያስፈልገኛል ማለት ብቻ አይበቃም፤ የምሠራው በዚህ ርቀት ነው ብሎ በሜትር ለክቶ መናገር ያስፈልጋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ዓይን ጭራሽ ሲጋረድ ደግሞ የሞራ ግርዶሽ ሊሆን ስለሚችል፣ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነገር በመነጽር ብቻ ሲታለፍ መኖር የለበትም።

በባሻ ቤት ከተሞከሩት ዘዴዎች ለሌላውም የሚጠቅሙትን ላካፍል። አንደኛ፣ ናኖ ቪ ኤን ኤው ሲከፈት በስክሪኑ ላይ አራት ባለ ቀለም መስመሮች ተደራርበው ይታያሉ፤ ሦስቱን አጥፍቶ የኤስ ደብልዩ አሩን መስመር ብቻ፣ ያውም በቢጫ ቀለም ማስቀረት ይቻላል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው በዩ ኤስ ቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ናኖ ቪ ኤን ኤ ሴቨር በተባለው ነፃ ፕሮግራም ልኩ በትልቅ ስክሪን ይታያል፤ ስለዚህ ገመዱን ወደ ቤት አስገብቶ በጠረጴዛ ላይ ማንበብ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ጣሪያ ላይ መውጣት ግድ ከሆነ ጠዋት ወይም ወደ ማታ መውጣት፣ ያለዚያም የካርቶን ጥላ ማበጀት ይጠቅማል። አራተኛ፣ የተመላሹን ኃይል ብቻ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነጭ ፊት ያለው ባለ ቀስት ሜትር ዛሬም አላረጀም፤ የቀስቱ አቅጣጫ ቁጥሩ ሳይነበብ እንኳ ከሩቅ ይናገራል።

ለመግዛት ለሚያስብ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባለ 4 ኢንች ሞዴል ስላለ ብቻ ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም። 480 በ320 ነጥብ የያዘው ባለ 4 ኢንች ስክሪን የአንዱ ነጥብ መጠን ከትንሹ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ፕሮግራሙ ፊደሉን ካላሳደገው የሚሰፋው ሜዳው እንጂ ቁጥሩ አይደለም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መሣሪያውን አስከፍቶ፣ በሚሠራበት ርቀት ይዞ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ይገባል። ይህን ፈተና ያላለፈ መሣሪያ ምንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ዘዴዎች የላቀው ግን ምንም ገንዘብ ያልጠየቀው ነበር። በመገናኛ ሥራ ላይ የተላከ ቁጥር ተቀባዩ ካልደገመው እንደ ደረሰ አይቆጠርም። ባሻ ይህን ሕግ ለባለቤታቸው አስተማሯቸው። እርሳቸው ያነብባሉ፤ ባሻ ይደግማሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በደብተሩ ላይ ይጻፋል። «ስድስት ነጥብ ስምንት ዜሮ።» «ስድስት ነጥብ ስምንት ዜሮ፤ ትክክል?» «ትክክል ነው ባሻ፣ ይቁረጡ።» ሽቦው መጀመሪያ 30፣ ቀጥሎ 15 ሴንቲ ሜትር ከየጎኑ ተቆረጠ፤ አንቴናውም በ7.1 ላይ ተቀመጠ። በዚያው ምሽት ከታንዛኒያ ምላሽ መጣ። ራዲዮው ሊሸጥ ነው የሚለው ወሬ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አልተሰማም።

ውድ የሠራዊቱ አባላትና ውድ ባለቤቶቻችሁ፤ በየቤታችን ባሻን የመሰለ አባት ወይም እናት አይታጣም። የኪኒኑን መጠን የሚገልጸው ወረቀት፣ የስልኩ ቁጥር፣ የመብራት ቆጣሪው፣ የባንክ ደብተሩ ሁሉ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነው። አረጋዊው ሲሳሳት «አረጁ፣ ረሱ» ማለት ይቀለናል። ከመፍረዳችን በፊት ፊደሉን እንለካው፤ ብርሃኑን እንየው፤ መነጽሩ ለየትኛው ርቀት እንደታዘዘ እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ የደከመው ዓይን እንጂ ዕውቀቱ ሆኖ አይገኝም። ዓይን ደግሞ ከሰው ሊበደሩት የሚቻል ነው፤ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ማንበብ የሚችል ያንብብ፤ የሚያውቅ ይደግም፤ ሥራውም በሁለቱ ስም ይጻፍ።