የዶሮ ማነቂያ ሒሳብ

እኛ በዶሮ ማነቂያ ያደግን የአርትስ ተማሪዎች ኢኮኖሚክስን አስቀድመን ያየነው በደብተር ሳይሆን በእናቶቻችን ዕቁብና በሱቅ ዱቤ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የፍላጎትና የአቅርቦት ትምህርት ሲከብደን፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪያችን «የበዓል ዋዜማ የዶሮ ዋጋ ለምን ይወጣል?» ብለው ጠየቁን፤ ያን ጊዜ ገባን።

ዕውቀቱ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ድካሙ ለሌላ እንደሚተርፍ አስረድተዋል።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ጎረቤት ሲበተን ዕቁቡም፣ ዱቤውም፣ የጉልት ደንበኝነቱም አብሮ ተበተነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። «የዘይት ዋጋ ለምን ጨመረ?» የሚል ልጅ ማንን ይጠይቅ? ያን አስተማሪ ነዋ! እኛ ግን «ሳይንስ ያቃተው ወደዚያ ይሂድ» እያልን አስተማሪውንም ተማሪውንም እናሳንሳለን።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዕረፍታችን ወደ ተማርንበት ትምህርት ቤት እንመለስ። አስተማሪውን «ምን እንርዳዎ?» እንበል፤ መጽሐፋችንን እናውሳቸው፤ ከተማሪዎቹ ጋር ገበያ ወርደን ዋጋ እንመዝግብ። ይህ ትምህርት የባንክ ወንበር መያዣ ብቻ አለመሆኑንም እንንገራቸው። ነገ ሰፈር ሲነሣ አብሮ የሚነሣውን ዱቤና ዕቁብ ቆጥረው የሚናገሩት ሰዎች ዛሬ አሥራ አንደኛ ክፍል ተቀምጠዋል።