ያላገባ ማስረጃ

ከወረዳ ከሚሰጡ ወረቀቶች ሁሉ የሚደንቀኝ «ያላገባ ማስረጃ» የሚባለው ነው። ቤቱን የሚሸጥ፣ ውጭ አገር ሄዶ ሊያገባ ያሰበ ሰው ይህን ወረቀት ይጠየቃል። መዝገብ ይገለጣል፣ ማኅተም ይመታል፤ በቃ፣ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ያለ ጥርጥር ታወቀ ማለት ነው። እኔ ስለ ራሴ እንዲህ ያለ እርግጠኝነት ኖሮኝ አያውቅም። አንድ ቀን ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ሠራተኛው ከፊቴ የቆመችውን ሴት «አላገባሽም?» ቢላት ትንሽ አሰበችና «እስካሁን አዎ» አለችው። አልሳቀም። ቅጹ ላይ «እስካሁን» የሚጻፍበት ቦታ የለማ!

ነገሩ ከነከነኝና የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን፣ ፈልጌ አነበብሁ። ሕግ ማንበብ ልማዴ አይደለም፤ ይህኛው ግን አንዳንድ ቦታው ከልብ ወለድ ይጥማል። ጋብቻ በነጻና ሙሉ ፈቃድ ይሁን ይልና፣ ፈቃዱ የተሰጠው በመሠረታዊ ስሕተት ከሆነ ግን አይጸናም ይላል። ስሕተቶቹን ሲዘረዝር፣ ላገባ ያሰብኩት ሌላ ሰው ነበር የሚል አለ፤ የማይድን በሽታ እንዳለበት አላወቅሁም የሚልም አለ። ሁሉም ስለዚያኛው ሰው ነው። «የገዛ ልቤን ተሳስቼው ነበር» የሚል ግን የለም። ሕግ አውጪዎቹ ረስተውት አይመስለኝም፤ ይህን በር ከፍተውት ቢሆን ፍርድ ቤቱ ሌላ ሥራ አይሠራም ነበር።

ያው ሕግ በሌላ በኩል የልብን ጠባይ ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቃል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው የኖሩ ሰዎች፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው ነው ይላል። ትዋደዱ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። እንዴት ኖራችሁ፣ ዘመድና ጎረቤት እንደ ምን ያያችሁ ነበር፣ ነው ጥያቄው። (ልንፋታ ነው ብለው ለመጡት ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። 3 ወር! እኔ ስልክ ለመቀየር ከዚያ በላይ አሰላስያለሁ።)

እኔም ስሜትን ሳይሆን ኑሮን ወደ መጠየቁ አዘነብላለሁ። ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «እወዳታለሁ ወይስ ለምጃት ነው?» ማለት ትርፉ እንቅልፍ ማጣት ነው። ልብ ሲጠየቅ እንደ ጎበዝ ደላላ ነው፤ ጠያቂው ሊሰማ የፈለገውን ያውቃል። ሳይጠየቅ የሚያደርገውን መሰለል ይሻላል። ደመወዝ የተጨመረልህ ዕለት መጀመሪያ የደወልከው ለማን ነው? ታመመች ሲሉህ የታክሲውን ሰልፍ ጥለህ በእግርህ የገሰገስከው ወዴት ነው?

ችግሩ፣ ኑሮ ይህን ስለላ ያበላሸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ፍቅር «ቤት ይድረሰንና» ተብሎ ተቀጥሯል! በ2005 ዓ.ም. የ20/80 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ምዝገባ ሲከፈት፣ አንድ ወዳጄና የሚወዳት ልጅ «ከተጋባን አንድ ቤት ነው፤ ሳንጋባ ለየብቻ እንመዝገብ» ብለው ሁለት የቁጠባ ደብተር አወጡ። ስሌታቸው አይፈረድበትም። በየጊዜው ኪራይ እየተጨመረበት ዕቃውን ከሰፈር ሰፈር ያጋዘ ሰው ያውቀዋል። ግን ዓመቱ በገፋ ቁጥር የቤቱ ነገር ሌላ ሥራም መሥራት ጀመረ። እናቱ «መቼ ነው?» ሲሉት ቤቱን ይጠራል። እሷ ስትጠይቀውም ቤቱን። ራሱን ሲጠይቅም ያንኑ ይመልስ እንደነበር እጠረጥራለሁ። ችግሩ እውነተኛ በመሆኑ «ሰበብ ነው» ሊለው የሚደፍር ሰው አልነበረም፤ ለመደበቂያ ደግሞ ከእውነት የሚበልጥ የለም።

ሐምሌ 2014 የቤቱ ዕጣ ወጣና ስሙ ተገኘ። ለእናቱ ደወለ፣ ለእኔ ደወለ፣ ለዕቁብ ጓደኞቹ ደወለ። እሷ የሰማችው ከሰው ነው። ቀናት ሳይቆጠሩ ያ ዕጣ በሲስተሙ ላይ ማጭበርበር ተገኘበት ተብሎ ተሰረዘ። ያን ማታ ለማንም ሳይደውል በቀጥታ እሷ ቤት ሄደ።

የእኔ ስለላ እዚህ ላይ ተንገዳገደ። «ደስታህን ለሰው፣ ሐዘንህን ለእኔ!» አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ታዲያ ሐዘኔን ለማን ላሳይ?» አላት። ሁለቱም ለየብቻ ነገሩኝ፣ ሁለቱንም እየሰማሁ «ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ» አልኩ። እስካሁንም ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኘሁም።

ኅዳር 2015 ዕጣው እንደገና ሲወጣ በለስ ቀናው። አሁን ፊኒሺንግ ላይ ነው። በቀደም ስለ ሰርጉ ብጠይቀው «ገና አልወሰንንም፣ መጀመሪያ ይኼ ይለቅ» አለኝ። ሴራሚኩን የመረጠችው ግን እሷ ናት። ቡናማ ነው፤ እሱ ደግሞ ቡናማ ቀለም ነፍሱ አይወድም።